አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ፦ ዛፍ ላይ ስለሚኖሩ እባቦች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የቡና ለቀማ ወራት ሲደርስ ስለ እባብ የሚጠይቁን ይበዛሉ። ከጅማና ከዙሪያዋ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ዛፍ ላይ ስለሚውሉት እባቦች የተጻፉትን እዚህ ሰብስበናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ከአጋሮ፣ ቡና አምራች፦ «የቡናዬ ጥላ ሰሳና ዋንዛ ነው። አንድ አረንጓዴ እባብ ከሰሳው ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሞ ታየና ለቃሚዎቹ በሙሉ ጥለው ወጡ። አባቴ ግን ‘አረንጓዴ እባብ አይጎዳም፣ ተዉት’ ይላሉ። ማን ነው ልክ?»

አባትዎ ብዙውን ጊዜ ልክ ናቸው። የሚያሳስበው ልክ የማይሆኑበት ቀን ነው። ዛፍ ላይ ከሚታዩት አረንጓዴ እባቦች ውስጥ ፊሎታምነስ የሚባሉት ለሰው ጉዳት የላቸውም። እንቁራሪትና እንሽላሊት ይበላሉ፤ በእጅ ከተያዙ ይነክሱ ይሆናል እንጂ ከጭረት ያለፈ ነገር አያደርሱም። ቡምስላንግ የሚባለውም ግን ይህንኑ ቀለም ይዞ ይመጣል፣ በአገራችንም ይገኛል፣ መርዙ ደግሞ ሰው ይገድላል። እንግዲህ «አረንጓዴ ነው» ሲባል ገና ምንም አልተባለም።

ነገሩን የሚያወሳስበው፣ አረንጓዴ የሚሆነው በአብዛኛው ወንዱ ቡምስላንግ መሆኑ ነው። ሴቷ ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ግራጫ ናት፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ስትጋደም ከእንጨቱ አትለይም። ግልገሉ ጀርባው ግራጫማ፣ ዓይኑ ግን ደማቅ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ አረንጓዴውን ብቻ የሚፈራ ሰው ሴቷንና ግልገሎቿን ሳያያቸው ያልፋል።

ቀለሙን ይተዉና ከ3 ሜትር ባላነሰ ርቀት ቆመው፣ ወይም በስልክዎ ካሜራ አጉልተው፣ ጭንቅላቱንና ቅርፊቱን ይዩ። የቡምስላንግ ጭንቅላት አጭርና ደንበል ያለ ነው፤ ዓይኑ በጣም ትልቅ ስለሆነ ፊቱን የሞላው ይመስላል። የፊሎታምነስ ዓይንም ትንሽ አይደለም፣ ጭንቅላቱ ግን ረዘም ብሎ ጠፍጠፍ ያለ ነው። የቡምስላንግ እያንዳንዱ የጀርባ ቅርፊት መሐል ለመሐል ሸንተረር አለው፤ በዚህ የተነሳ ፀሐይ ላይ እንኳ ገላው ደብዘዝና ሻከር ይላል። የፊሎታምነስ ቅርፊት ልሙጥ ስለሆነ ያብረቀርቃል። በቁመትም ሙሉ ያደገ ቡምስላንግ ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ሲደርስ፣ ፊሎታምነስ ከዚያ አጠር፣ በጣምም ቀጠን ይላል።

ቡምስላንግ ሲጨነቅ አንገቱን ይነፋል፤ ቅርፊቶቹ ይራራቁና በመሐላቸው ያለው ቆዳ ይታያል። ይህን ግን ለመለያ አይጠቀሙበት፤ አንዳንድ ፊሎታምነስም አንገቱን ይነፋል። አንገቱን የነፋ እባብ ምንም ዓይነት ይሁን፣ «ቀርበኸኛል» እያለ ስለሆነ ወደ ኋላ ማለት ነው።

አሁን ወደ ለቃሚዎቹ እንምጣ። ጥለው መውጣታቸው አያስወቅስም፤ የሚያሰጋው ዱላ ይዞ የተመለሰው ሰው ነው። ቡምስላንግ ከሰው የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ በታወቁት ንክሻዎች አብዛኞቹ ተጎጂዎች እባቡን የያዙ፣ ሊይዙት የሞከሩ ወይም ሊገድሉት የታገሉ ናቸው። ለቃሚዎቹን ወደ ሌላ ረድፍ ያዙሩና እባቡ በራሱ ጊዜ እስኪሄድ ይተዉት። ቅርንጫፍ ወደ ታች ከመጎተት በፊት ከላይ እስከ ታች በዓይን መቃኘት፣ ከዚያም በእጅ ሳይሆን በቆልማማ እንጨት መሳብ ልማድ ይሁን። ወፎችንም ያዳምጡ። ቡምስላንግ ቀን ቀን የሚያድን፣ እስስትና የወፍ ጫጩት የሚወድ እባብ ስለሆነ ትንንሽ ወፎች ሲያዩት ተሰብስበው ይጮሁበታል። አንድ ዛፍ ላይ የተለያየ ዓይነት ወፍ ተሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ እያየ ሲንጫጫ ከሰሙ፣ ከዚያ ዛፍ ሥር አይቁሙ።

ከጌራ፣ የጤና ባለሙያ፦ «አንድ ጎልማሳ ዛፍ ላይ እንዳለ እባብ ነደፈኝ ብሎ ወደ ጤና ጣቢያችን መጣ። ቦታው ላይ ሁለት ጭረት እንጂ እብጠት አልነበረም፣ የደም ግፊቱም ደህና ነበር። የሕመም ማስታገሻ መርፌ ሰጥተን ሸኘነው። በኋላ ጥርጣሬ ገባኝ።»

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። መሸኘት አልነበረበትም፤ ሰውየውን ዛሬውኑ አስፈልጋችሁ መርምሩት። ዛፍ ላይ በደረሰ ንክሻ ትልቁ ወጥመድ ይኸው «ምንም አልሆነም» የሚያሰኘው ጊዜ ነው። የእፉኝት ንክሻ ወዲያው ያሳብጣል፣ ያምማል፤ የኮብራ ወይም የማምባ ንክሻ በሰዓታት ውስጥ የዓይን ቆብ ይጥላል፣ አፍ ያስራል። የቡምስላንግ ንክሻ ግን መጀመሪያ ላይ ብዙም አያሳይም። መርዙ የሚሠራው ደም ውስጥ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሮትሮምቢንንና አሥረኛውን የመርጊያ ንጥረ ነገር ያለ ቦታቸው ይቀሰቅሳል፤ በመላ አካል ጥቃቅን እርጋታ ሲፈጠር ደም የሚረጋበት ፋይብሪኖጅን የሚባለው ንጥረ ነገር ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ደሙ የማይረጋ ሰው ይሆናል። ይህ ሰዓታት ይፈጃል፤ ግልጽ መድማት እስኪታይ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ሊያልፍ ይችላል። የሚታየውም የድድ መድማት፣ ነስር፣ ቀይ ሽንት፣ የድሮ ቁስል እንደገና መድማት፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ነው።

ይህን ለማሳየት ከአንድ የታወቀ አጋጣሚ የተሻለ የለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1957 ቺካጎ ውስጥ የእባብ አጥኚው ካርል ፓተርሰን ሽሚት ከ80 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ቡምስላንግ አውራ ጣቱ ላይ ተነከሰ። በዚያን ዘመን የመርዝ ጥርሳቸው ከአፍ ወደ ኋላ የሆነ እባቦች ሰው አይገድሉም ይባል ነበር። በማግስቱ ጧት ቁርሱን በልቶ፣ ተሽሎኛል ብሎ ወደ ሥራ ቦታው ደወለ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ማሽን በሌለበት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ምርመራ አለ፤ የ20 ደቂቃ የደም መርጋት ምርመራ ይባላል። ከደም ሥር 2 ሚሊ ሊትር ደም ቀድታችሁ፣ አዲስ፣ ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አድርጉ። ቱቦውን ሳታነቃንቁ በክፍሉ ሙቀት 20 ደቂቃ አቁሙት። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አዘንብሉት። ደሙ እንደ ውሃ ከፈሰሰ አልረጋም ማለት ነው፤ መርዙ ሥራውን ጀምሯል።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በቱቦው ነው። ፕላስቲክ ቱቦ ደምን እንደ ብርጭቆ ስለማያስረጋ ጤናማውን ደም እንኳ «አልረጋም» ያሰኛል። በሳሙና ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆም እንዲሁ ነው። በየ5 ደቂቃው እያነሱ ማየትም ውጤቱን ያዛባል። ቱቦውን ካላመናችሁት በተመሳሳይ ቱቦ የአስታማሚውን ደም ጎን ለጎን አቁሙ፤ የእሱም ካልረጋ ችግሩ ከቱቦው ነው። መጀመሪያ ደህና ቢሆንም ምርመራውን በየ6 ሰዓቱ ደጋግሙት፤ ታካሚውን ቢያንስ 48 ሰዓት አትልቀቁት።

የሰጣችሁት ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ ከሆነ በሁለት በኩል አይመከርም። መድኃኒቱ ራሱ መድማትን ያግዛል፤ በጡንቻ የሚወጋ መርፌ ደግሞ ደሙ በማይረጋ ሰው ላይ ውስጥ ለውስጥ ያደማል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ ይቅሩ። ለሕመሙ በአፍ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይበቃል። የቴታነስ መርፌም ደሙ መርጋቱ እስኪረጋገጥ ይቆይ።

ስለ ፀረ-መርዝ አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ፦ ለአፍሪካ እባቦች ተብሎ በጅምላ የሚዘጋጀው ፀረ-መርዝ የቡምስላንግን መርዝ አያከሽፍም። ለእሱ ብቻ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው የሚመረተው፤ እንደ ልብም አይገኝም። ለቡምስላንግ የጅምላውን መስጠት የአለርጂን አደጋ እንጂ ጥቅም አያመጣም። ደሙ ካልረጋ፣ ደምና የደም ተዋጽኦ ወዳለበት፣ እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወዳለ ሆስፒታል ሳትዘገዩ ላኩ። በሪፈራል ወረቀቱ ላይ የተነከሰበትን ሰዓት፣ ዛፍ ላይ መሆኑንና የእያንዳንዱን ምርመራ ውጤት ከነሰዓቱ ጻፉ።

ጤና ጣቢያ ለመድረስ መንገድ ላይ ላለ ሰው፦ ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ የተነከሰውን እጅ ወይም እግር በእንጨት ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ ተሸክሞ ወይም በተሽከርካሪ ማድረስ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ በገመድ አንቆ ማሰር ይቅር። መብጣቱ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ደሙ የማይረጋን ሰው በምላጭ መብጣት በገዛ እጅ ማድማት ነው። እባቡንም ገድሎ ማምጣት አያስፈልግም፤ ከርቀት የተነሳ ፎቶ ይበቃል።

ከጅማ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ቅርንጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን መሐል ላይ ያስቀመጠ፣ ነጭ መስመር ያለው ደማቅ አረንጓዴ እባብ በቪዲዮ አይቻለሁ። በለጠ ጫካ ውስጥ ይኖር ይሆን?»

አይኖርም። ያየኸው ከሁለት አንዱ ነው፤ ሁለቱም ከእኛ አገር ሩቅ ናቸው። አንደኛው ኤመራልድ የዛፍ ቦአ ነው፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ አጥኚ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ያወጣለት፣ የደቡብ አሜሪካ የዝናብ ደን ነዋሪ። እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ አንድ ዝርያ ብቻ ይባል ነበር፤ በዚያ ዓመት የአማዞን ተፋሰሱ ለብቻው ተለይቶ ሁለት ሆነዋል። ሌላው አረንጓዴው የዛፍ ፓይተን ነው፤ ኒው ጊኒና በዙሪያዋ ያሉ ደሴቶች፣ እንዲሁም የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ይኖራል።

የሚገርመው ሁለቱ የቅርብ ዘመድ አይደሉም። በመካከላቸው ውቅያኖስ አለ፤ ዛፍ ላይ ተጠቅልሎ፣ ሌሊት ጭንቅላቱን ቁልቁል ሰቅሎ አይጥ የመጠበቅ ኑሮ ነው አንድ ዓይነት መልክ የሰጣቸው። ቀለም ዘመድ አያሳይም የምንለው እዚህም ይሠራል። ለመለየት ከንፈራቸውን ተመልከት፦ ሁለቱም ሞቃት ደም ያለውን እንስሳ በጨለማ የሚያውቁበት ጎድጓዳ አላቸው፤ የቦአው ጎድጓዳ በከንፈር ቅርፊቶቹ መካከል፣ የፓይተኑ ግን ቅርፊቶቹ ላይ ነው። ቦአው ግልገል ይወልዳል፣ ፓይተኗ እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች፤ እየተንቀጠቀጠችም ታሞቀዋለች። የሁለቱም ግልገል አረንጓዴ ሆኖ አይጀምርም። የፓይተኑ ቢጫ ወይም ቀይ ነው፣ ግማሽ ሜትር ካለፈ በኋላ ይለወጣል፤ የቦአው ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ነው። ሁለቱም መርዝ የላቸውም፣ ቦአው ግን የፊት ጥርሱ በጣም ረጅም ስለሆነ ንክሻው ክፉ ነው።

በአፍሪካ ዋና ምድር ዛፍ ላይ የሚኖር ቦአ የለም። ማዳጋስካር ደሴት ላይ አለ።

ከሊሙ፦ «እባብ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፣ ይበርራል የሚባለው እውነት ነው?»

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጎድኑን ዘርግቶ፣ ገላውን ጠፍጥፎ ከዛፍ ዛፍ የሚንሳፈፍ ክራይሶፔሊያ የሚባል እባብ አለ። በአፍሪካ የለም። የእኛዎቹ የሚያደርጉት ጅራታቸውን ቅርንጫፍ ላይ አጠንክረው፣ ከቁመታቸው ግማሽ ገደማውን ባዶ አየር ላይ ዘርግተው ወደ ቀጣዩ ቅርንጫፍ መሻገር ነው። ሲደነግጡ ደግሞ ቁልቁል ይለቃሉ፤ ከታች ለቆመ ሰው ይህ ዝላይ ይመስለዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የተቀረው ወሬ ነው።

ከሰቃ ጨቆርሳ፦ «ልሙጥ ባሕር ዛፍ እንዴት ይወጣል? ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲወጣስ ደሙ ወደ ጅራቱ አይወርድበትም?»

ሁለተኛው ጥያቄዎ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በእርግጥ ይወርድበት ነበር፤ የዛፍ እባብ ገላ ግን ለዚሁ የተበጀ ነው። ልቡ ከመሬትና ከባሕር እባቦች ይልቅ ወደ ጭንቅላቱ የቀረበ ነው፣ ወደ አንጎል ደም ለመግፋት ርቀቱ ያጥርለታል። ጅራቱ አካባቢ ያለው ቆዳና ጡንቻ ደግሞ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ደም እዚያ አይጠራቀምም። መሬት ለመሬት የሚኖር ወፍራም እባብ በጅራቱ ቢንጠለጠል ግን ይቸገራል።

አወጣጡን በተመለከተ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ወፍራም ባሕር ዛፍ ለእባብም ከባድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በሐረግ፣ በተጠጋ ቁጥቋጦ ወይም በጎረቤት ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ ዛፍ ሲሆን ገላውን አጥፎ ይጨብጣል፣ ፊቱን ይዘረጋል፣ ኋላውን ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ አጥኚዎች አንድ አዲስ አወጣጥ አሳውቀዋል፦ በፓስፊክ ውቅያኖስ ጉዋም ደሴት ላይ ያለው ቡናማው የዛፍ እባብ ገላውን እንደ ሸምቀቆ በግንዱ ዙሪያ አዙሮ፣ በትንንሽ መታጠፎች እየገፋ ልሙጥ ቧንቧ ይወጣል። በጣም ዝግ ያለና የሚያደክመው ነው። ይህ እባብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጭነት ተደብቆ ደሴቲቱ የገባ ሲሆን፣ ከ12ቱ የአገሩ የደን ወፍ ዓይነቶች 10 ያህሉን አጥፍቷል።

ከጅማ ሄርማታ፣ የቤት እመቤት፦ «በዶሮ ቤታችን ጭድ ላይ የተጨማደደ፣ ባዶ የሆነ የእንቁላል ቅርፊት አገኛለሁ። ጠብታ አስኳል እንኳ የለውም። ምን ዓይነት አውሬ ነው? ነጭ ሽንኩርትና ነጭ ጋዝ ረጭቼ ነበር።»

ከዱካው ስንነሳ እንቁላል በላው እባብ፣ ዳሲፔልቲስ፣ ይመስላል። አይጥና ሸለመጥማጥ ቅርፊቱን ይሰባብሩታል፣ ያንጠባጥባሉም። ዳሲፔልቲስ እንቁላሉን ሳይሰብር ይውጠዋል፤ ጉሮሮው ውስጥ ከአከርካሪው ወደ ታች የወጡ አጥንቶች ቅርፊቱን ይሰነጥቁታል፣ ፈሳሹ ይወርዳል፣ ከዚያ ቅርፊቱን ጨምቆ በአንድ ጥቅል ይተፋዋል። እርስዎ ያገኙት እሱን ነው። ትልቅ የሆነው አነስ ያለ የዶሮ እንቁላል ይችላል። ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል፣ መርዝም የለውም። ሲነኩት ግን ተጠቅልሎ ቅርፊቶቹን እርስ በርስ እያፋተገ እንደ እፉኝት ያንሻሻል፤ ለዚህ ነው በየቦታው በዱላ የሚሞተው። እርግጠኛ ካልሆኑ ግን እሱንም በእጅ አይንኩት።

ሽንኩርቱ አይከለክለውም። ነጭ ጋዙም እንዲሁ፤ እንቁላሉንና መሬቱን ከማበላሸት በቀር። የሚከለክለው ሽቦ ነው፤ እሱም ትክክለኛው ከሆነ። ገበያ ላይ «የዶሮ ሽቦ» ተብሎ የሚሸጠው ቀዳዳው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቀጭን እባብ ያለ ችግር ይገባል፣ ቅርፊቱን የማይተፋ ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን እንቁላል ከዋጠ በኋላ ሆዱ ስለሚያብጥ መውጫ ያጣና ሽቦው ላይ ተሰክቶ ያድራል። ጧት እንቁላል ሊሰበስብ የገባ ልጅ የሚነከሰው እንዲህ ነው። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ሽቦ ይጠቀሙ፤ በሩ ሥርና ጣሪያው የሚገጥምበት ላይ ክፍተት አይተዉ። እንቁላል ከመምሸቱ በፊት ይሰብስቡ። ቤቱ ላይ የተጠጋ ቅርንጫፍና ሐረግ ካለ ከጣሪያው 1.5 ሜትር እንዲርቅ ይቁረጡት።

ከበለጠ ጫካ አካባቢ፣ ንብ አናቢ፦ «ዛፍ ላይ የሰቀልኩት ባዶ ቀፎ ውስጥ እባብ ይገባል። ቀፎውን ሳወርድ እንዴት ልጠንቀቅ? ባለፈው ውስጡ ነጫጭ እንቁላል አግኝቻለሁ።»

ከመውጣትዎ በፊት ታች ቆመው አፉን ይመልከቱ። ፀሐይ ባለበት ሰዓት ንብ የማይገባበትና የማይወጣበት ቀፎ ባዶ ነው ብለው አይመኑ፤ ሌላ ነዋሪ አለው ብለው ይነሱ። ከጎን ሆነው፣ ከአፉ ፊት ሳይሆን፣ በረጅም እንጨት ጎኑን ያንኳኩ፤ የቀን እባብ ከሆነ በአብዛኛው ወጥቶ ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ይሸሻል። በሌሊት ሲያንኳኩ ግን ዝም ብሎ ይተኛል፤ ስለዚህ ባዶ ቀፎ በቀን ነው የሚወርደው። ዛፉ ላይ እያሉ እጅዎን ወደ ውስጥ አያስገቡ። አፉን በቅጠል ወትፈው በገመድ ያውርዱት፣ መሬት ላይ አፉን ከእርስዎ ያዙሩ፣ ውታፉን በረጅም እንጨት አውጥተው ራቅ ይበሉ።

ያገኙት እንቁላል ረዘም ብሎ ቅርፊቱ እንደ ብራና ለስላሳ ከሆነ የእንሽላሊት ወይም የእባብ ነው፤ የወፍ እንቁላል ጠንካራ ነው። ቡምስላንግ በግንድ ጎድጓዳና በመሰል ቦታ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 14 እንቁላል ትጥላለች፤ እናቲቱ አትጠብቀውም፣ የሚፈለፈለው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ግልገሎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነው ይወጣሉ፣ መርዛቸውም ከመጀመሪያው ቀን አብሯቸው ነው። ስለዚህ ቀፎውን እንደነበረ ከሰው መተላለፊያ ርቆ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ አስቀምጠው ለጥቂት ወራት ቢተዉት ይሻላል። መልሰው ሲያነሱት የተቀደዱና ባዶ የሆኑ ቅርፊቶች ካገኙ ግልገሎቹ ወጥተዋል፤ ያኔም ቢሆን ውስጡን በእጅ ሳይሆን በእንጨት ይጥረጉት፣ ከዚያ በጭስ አጥነው እንደገና መስቀል ይችላሉ።